ጠርቶ ዝም ማለት፦ በዱር ተርኪ አደን የድምፅና የትዕግሥት ክርክር

በአሜሪካ ጫካዎች የዱር ተርኪ የሚያድኑ ሰዎች ሲገናኙ ስለ ጠመንጃ ብዙ አያወሩም። ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ አንድ ክርክር ያመራል፦ አዳኝ ስንት ጊዜ ይጥራ? ጠርቶስ ምን ያህል ይጠብቅ? አንዱ ወገን የሴቷን ድምፅ እያስመሰለ ደጋግሞ ይጠራል፤ መልስ ካጣ ተነሥቶ ሌላ ሸንተረር ይሞክራል። ሌላው ወገን ሁለት ሦስቴ ይጠራና መጥሪያውን ጭኑ ላይ አሳርፎ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጣል። ሁለቱም የሚሳካላቸው ቀን ስላለ ክርክሩ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በአራት በኩል ይመለከተዋል፦ በወፉ ጠባይ፣ በጠሪዎቹ ጥበብ፣ ጫካ ውስጥ ድምፅ መቅረጫ በሰቀሉ ተመራማሪዎች ሥራ፣ እንዲሁም የአደን ወቅትን በሚወስነው ሕግ። አቋሙን ከወዲሁ ለመናገር፣ ማስረጃው ወደ ጠባቂዎቹ ያጋድላል። ምክንያቱ ግን ጠባቂዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ከሚሰጡት የተለየ ነው።

ማን ወደ ማን ይሄዳል?

የዱር ተርኪ ከሜክሲኮ እስከ ደቡባዊ ካናዳ የሚኖር የሰሜን አሜሪካ ወፍ ነው። በምሥራቁ ጫካ የሚገኘው ሙሉ አውራ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ የእሱን ግማሽ ያህል ናት። ቀን መሬት ላይ ቅጠል እየጫሩ ይውላሉ፤ ሲመሽ በርረው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰፍራሉ። በጸደይ፣ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ፣ አውራው ጎሕ ሳይቀድ ከቆጡ ላይ ሆኖ መጮህ ይጀምራል። ከጉሮሮው የሚንደቀደቀው ይህ ጩኸት ነፋስ በሌለበት ማለዳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። ሲነጋ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጭራውን ዘርግቶ፣ የክንፉን ጫፍ መሬት እያስነካ ይጎማለላል።

የዚህ ሁሉ ዋና ዓላማ ሴቶቹን ወደ ራሱ መሳብ ነው። እሱ ይጮኻል፣ እነሱ ይሄዱለታል። የጸደይ አደን ችግር ከዚህ ይጀምራል። አዳኙ ተደብቆ የሴት ድምፅ ሲያሰማ ተፈጥሮ የሠራችውን ሥርዓት ይገለብጣል፤ መምጣት የሚገባት ሴት ባለችበት ተቀምጣ፣ መጠበቅ የለመደው አውራ እንዲመጣ ይጠይቃል። አውራው ድምፁን እውነተኛ ነው ብሎ ቢቀበለው እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ባለበት ቆሞ መጮህ፣ መጎማለልና አንገቱን አስግጎ መመልከት ነው። አዳኙ የያዘው ሾትጋን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚመታው እስከ 35 ወይም 40 ሜትር ነው። ወፉ ደግሞ 80 ሜትር ላይ ይቆምና ከዚያ ወዲህ አልፍም ይላል። ከአላባማ እስከ ፔንሲልቬንያ አዳኞች በየጸደዩ የሚያማርሩት ይህንኑ ነው።

የተወረሰ ጥንቃቄ

አውራው ድምፁ ከየት እንደመጣ በትክክል ይለያል። ቀጥሎ ሥራውን ዓይኑ ይረከባል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ አንገቱን ሳያዞር አብዛኛውን ዙሪያውን ያያል፤ ቀለም ይለያል፤ ትንሿ እንቅስቃሴ አታመልጠውም። ማሽተት ላይ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ የተርኪ አዳኝ እንደ አጋዘን አዳኝ በነፋስ አቅጣጫ አይጨነቅም፤ ጭንቀቱ በእጁና በፊቱ ነው። ዝንጉርጉር ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ከትከሻው የሚሰፋ ግንድ ተደግፎ መቀመጡ፣ ጠመንጃውንም ወፉ ሳይታይ ጉልበቱ ላይ ማዘጋጀቱ ለዚህ ነው።

ጥንቃቄው ከልምድ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1944 የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ስታርከር ሊዮፖልድ ሚዙሪ ውስጥ ንጹሕ የዱር ተርኪዎችን ከቤት ዝርያ ጋር ከተዳቀሉት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የዱሮቹ አንጎል ከሰውነታቸው አንጻር ተልቆ ተገኘ፤ ለአደጋ የሚሰጡት ምላሽም የተለየ ነበር። ዱርነት በዘር የሚወረስ ጠባይ ነው የሚለው መደምደሚያው የተርኪን ታሪክ ከቀየሩት አሳቦች አንዱ ሆነ።

ያኔ ወፉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ጫካው ተመንጥሮ፣ ሥጋው ያለገደብ ለገበያ ታድኖ፣ በ1920 ገደማ ቀድሞ ይኖርባቸው ከነበሩት 39 ግዛቶች ከ18ቱ ጠፍቶ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የታሰበው በእርባታ ያደጉ ተርኪዎችን ጫካ ውስጥ መልቀቅ ነበር፤ የተለቀቁት ግን በአብዛኛው አልተረፉም። ሥራው የተቃናው የዱሮቹን ራሳቸውን ይዞ ወደ ባዶው ጫካ ማዛወር ሲጀመር ነው። በ1951 በደቡብ ካሮላይና ፍራንሲስ ማርዮን ብሔራዊ ደን በመድፍ የሚተኮስ መረብ የዱር ተርኪዎችን ለመያዝ ዋለ፤ ዘዴውም ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው በ1937 የወጣው የፌዴራል ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ ከጣለው ቀረጥ ነው። ብሔራዊ የዱር ተርኪ ፌዴሬሽን በ1973 ሲመሠረት በአገሪቱ የነበሩት ተርኪዎች 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ 6 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ።

እንግዲህ የዛሬው አዳኝ የሚጠራው ወፍ የጠርጣሮቹ ልጅ ነው። የዋሆቹ ከጫካው አልተረፉም።

መጥሪያዎቹ

የፍሎሪዳው ተመራማሪ ላቬት ዊልያምስ የተርኪን ድምፆች ለዓመታት ቀርጾ ከ20 በላይ ዓይነት መለየት ችሏል። አዳኙ በጥሩ ሁኔታ ማወቅ የሚገባው ግን ጥቂቱን ነው። መሠረቱ በአንድ ምት ተከታትሎ የሚወጣው የሴቷ መደበኛ ጥሪ ነው። ነጠላዋና አጭሯ ድምፅ እርስ በርስ «እዚህ ነኝ» መባባያቸው ናት። ሲበሉ የሚያሰሙት ዝቅ ያለ ጉርርታ የመረጋጋት ምልክት ነው። ሴቷ ስትቆጣ ወይም ስትጓጓ የምታሰማው ፈጣንና የተቆራረጠ ማስካካትም አለ። አዳኙ በስሕተት ሊያሰማው የማይገባው ደግሞ ስለታሙ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው፤ ይህ ከተሰማ መንጋው ይበተናል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የቆየው የሴቷ የክንፍ አጥንት ነው። ባዶዎቹን አጥንቶች አንዱን በሌላው ውስጥ አያይዘው ያበጁትና አየር በከንፈር ወደ ውስጥ እየሳቡ ያሰሙታል፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአውሮፓውያን መምጣት በፊትም ያውቁት ነበር። በ1897 የአርካንሳው ሄንሪ ጊብሰን የሣጥን መጥሪያ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ይህ ጠመኔ የተቀባ የእንጨት ክዳን ቀጭን በሆነው የሣጥኑ ከንፈር ላይ ሲፋተግ የሴቷን ድምፅ የሚያወጣ ነው። ሣጥኑ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ሆኖም እጅ ያንቀሳቅሳል። በክብ ድንጋይ ወይም መስታወት ላይ በዘንግ የሚጫረው መጥሪያ ለስላሳ ድምፅ ያወጣል፤ እሱም ሁለት እጅ ይጠይቃል። ምላስ ላይ የሚቀመጠው የላስቲክ መጥሪያ ብቻ እጅን ነፃ ያደርጋል፤ ለመልመድ ግን ወራት ይወስዳል። ወፉ ቅርብ ሲደርስ እጅ መንቀሳቀስ ስለሌለበት ብዙዎች ከሩቅ በሣጥን ይጠሩና በመጨረሻው ወደ አፍ መጥሪያ ይዞራሉ።

የድምፁ ጥራትስ ምን ያህል ይወስናል? በናሽቪል በየዓመቱ በሚካሄደው የጥሪ ውድድር ዳኞች ተወዳዳሪውን ሳያዩ ድምፁን ብቻ ሰምተው ነጥብ ይሰጣሉ፤ አሸናፊዎቹ የሚያሰሙት ድምፅ እንከን አይወጣለትም። ጫካ ውስጥ ግን እውነተኛዋ ሴት አንዳንዴ ጎርናና፣ አንዳንዴ ምት የሳተች ናት። ለአውራው ከድምፁ ውበት ይልቅ ምቱና ጊዜው ይበልጥበታል። በዚህ ነጥብ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ።

ደጋግሞ የሚጠራው ወገን

የዚህ ወገን ክርክር ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። አንደኛ፣ የሌለ ወፍ አይጠበቅም። አውራው በድንገተኛ ድምፅ ደንግጦ የመጮህ ጠባይ አለው፤ የጉጉት፣ የቁራ፣ የነጎድጓድ ድምፅ እንኳ ያስጮኸዋል። ስለዚህ አዳኙ ማለዳ በጉጉት ድምፅ፣ ረፈድ ሲል በቁራ ድምፅ ወፉ የት እንዳለ ይጠይቃል። መልስ በሌለበት ሸንተረር ግማሽ ቀን መቀመጥን ትዕግሥት ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ አውራው በሴቶች ተከብቦ ከሆነ ለእሱ መጥራት ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ብልሆቹ ጥሪውን ወደ መንጋው አለቃ ሴት ያዞሩታል። ያሰማችውን እየደገሙ፣ አፏ ላይ እየገቡ ሲያናድዷት ተቀናቃኟን ፍለጋ ትመጣለች፤ አውራውም ይከተላታል። በዝምታ ይህ አይገኝም። ሦስተኛ፣ በቴክሳስና በካንሳስ ሜዳዎች፣ በምዕራቡም ተራሮች ያሉት ዝርያዎች ቀን ሰፊ ቦታ ስለሚያቋርጡ ጠርቶ የሚንቀሳቀስ አዳኝ ብዙ ጊዜ ይቀናዋል።

ይሁንና የዚህ ዘዴ ዝና ከጥቅሙ የላቀበት ምክንያት አለ። የአደን ቪዲዮ ሲሠራ የመጠበቁ ሰዓት ይቆረጣል። ተመልካቹ የሚያየው ሲጠራ፣ ሲመለስለት፣ ሲጠራ፣ ሲመጣለት ነው። ለሰዓት ያህል ጸጥ ያለ ዛፍ ማንም አያሳይም። በዚህ የተማረ ጀማሪ ወፉ ዝም ሲለው የተሸነፈ ይመስለዋል።

የሚጠብቀው ወገን

የመጠበቅ ትምህርት በደቡቡ የአደን ጽሑፍ ውስጥ ሥር አለው። የቻርልስ ጆርዳን ማስታወሻዎች ከሞቱ በኋላ በ1914 በኤድዋርድ ማኪልሄኒ እጅ ታትመዋል፤ የሄንሪ ኤድዋርድስ ዴቪስ መጽሐፍ በ1949፣ የአላባማው ቶም ኬሊ «ቴንዝ ሊጅን» በ1973 ወጥተዋል። ከዚያ ባህል የወረደው የቃል ምክር አጭር ነው፦ ጥቂት ጥራ፣ አስቀምጥ፣ ዝም በል።

ጠባቂዎቹ ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ወፉ ብልህ ስለሆነ ብዙ ጥሪ ያስጠረጥረዋል የሚል ነው። እውነተኛ ሴቶች ግን አንዳንድ ማለዳ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ፤ አውራውም አይሸሻቸውም። የተሻለው ምክንያት ቀደም ሲል ባየነው ሥርዓት ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ጥሪ ለአውራው ሴቷ አሁንም እንዳለች፣ እንደምትፈልገውና ልትመጣ እንደምትችል ይነግረዋል። ይህን ያወቀ አውራ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት የለውም። ጥሪው ሲቋረጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ገበያ ላይ ዋጋ ጠርቶ ፊቱን ያዞረ ገዢ ሻጩን ከመደብሩ እንደሚያስነሣው፣ የጠፋች ሴት አውራውን ከቆመበት ታስነሣዋለች። ሄዳ ይሆን? ሌላ አውራ አግኝታ ይሆን? ለማረጋገጥ መምጣት አለበት፤ የጥሪውን ቦታ ደግሞ አልረሳውም።

ሲመጣም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ጠብቆ የተነሣ አዳኝ በመንገድ ላይ የነበረውን ወፍ ራሱ ያባርረዋል፤ ከጀርባው የክንፍ ጩኸት ሲሰማ ነው የሚያውቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ በትክክል ይሠራል፤ የፈሰሰው ግን አይለቀምም። ስለዚህ የቆዩ አዳኞች ለመነሣት ከወሰኑ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት መቀመጥን ልማድ አድርገውታል።

ለመቀመጥ የሚያስገድድ ከዚህም የከበደ ምክንያት አለ። ጫካ ውስጥ የተርኪ ድምፅ የሚያሰማ ሁሉ ተርኪ አይደለም። ድምፅ ተከትሎ እየዳኸ የሚሄድ አዳኝ የሚያገኘው ሌላ ተደብቆ የሚጠራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ራሱ እንደ ወፍ ታይቶ ይተኮስበታል። የአደን ደኅንነት አስተማሪዎች ድምፅን ተከትሎ ማድባትን የሚከለክሉት፣ የአውራው ራስ ቀለሞች የሆኑትን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብሶች እንዳይለበሱ የሚያስጠነቅቁትም ለዚህ ነው። ጭራ ዘርግቶ የሚያሳይ ማታለያ ከፊቱ ይዞ ወደ ወፉ መዳኽ በቅርብ ዓመታት ሲስፋፋ ከቆዩት አዳኞች የገጠመው ተቃውሞ ከፊሉ ስለ ሥርዓት፣ ከፊሉ ስለ ሕይወት ነው።

ሰዓቱ ሲለወጥ

ሁለቱን ወገኖች በከፊል የሚያስታርቃቸው የሴቷ ቀን ነው። ሴቷ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ ለ28 ቀን ያህል ትታቀፋለች። በመጣያው ጊዜ ማለዳውን ከአውራው ጋር ታሳልፍና ረፋድ ላይ ወደ ጎጆዋ ትሰወራለች። ጎሕ ሲቀድ በሴቶች ተከብቦ የሰውን ጥሪ ንቆ ያለፈው አውራ አራት ሰዓት ገደማ ብቻውን ይቀራል። በዚያ ሰዓት ጥቂት ጥሪ ከማለዳው ብዙ ጥሪ ይበልጣል። ወቅቱ ገፍቶ ሴቶቹ መታቀፍ ሲጀምሩ ደግሞ አውራው ቀኑን ሙሉ ፈላጊ ይሆናል።

ይህን ሰዓት ሕጉም ይነካዋል። በኒው ዮርክ የጸደይ አደን ቀትር ላይ ያበቃል፤ በቨርጂኒያም በወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት እንዲሁ ነው። ከዓላማዎቹ አንዱ ሴቶች ከጎጆ እንዳይረበሹ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ግዛቶች ናቸው፤ የጸደይ አደኑም ብዙ ጊዜ ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጥማል። ለመሞከር የሚያስብ አንባቢ የአደን ደኅንነት ትምህርትና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት መሣሪያም በአብዛኞቹ ግዛቶች እንደተከለከለ ይወቅ።

መቅረጫዎቹ የሰሙት

አዳኝ የሚሰማው እሱ ጫካ በገባበት ቀን የጮኸውን ብቻ ነው። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ቻምበርሊንና ባልደረቦቹ ይህን ጉድለት ለመሙላት በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ጫካዎች ራሳቸው የሚሠሩ መቅረጫዎች አስቀመጡ፤ በአውራዎቹም ላይ የቦታ መከታተያ አሰሩ። ጩኸቱ በብዛት በፀሐይ መውጫ ዙሪያ እንደሚከማች አረጋገጡ። ከዚያ በላይ የሚያስገርመው፣ አደን በሚካሄድባቸው ቦታዎች ወቅቱ ሲከፈት ጩኸቱ የሚቀንስ መሆኑ ነው። አደን በሌለበት ቦታ ግን እንዲህ ያለ መቀነስ አልታየም።

ይህ ለክርክራችን ትልቅ ማስረጃ ነው። ደጋግሞ የሚጠራው አዳኝ ወፉ እንዳለ የሚያውቀው በመልሱ ነው፤ መልስ ካጣ ይሄዳል። መቅረጫዎቹ ያሳዩት ግን አዳኝ በበዛበት ጫካ የወፉ ዝምታ የመጥፋቱ ምልክት አለመሆኑን ነው። ሕዝብ በሚያድንበት የመንግሥት ደን ውስጥ መልስን እንደ ብቸኛ ምልክት የሚከተል ሰው ያሉትን ወፎች ትቶ ያልፋል።

ትዕግሥት በሕግ ሲደነገግ

ከ2000ዎቹ ወዲህ በብዙ የደቡብ ግዛቶች በአንድ እናት የሚቆጠሩት ጫጩቶች እየቀነሱ መጥተዋል። የመኖሪያው መለወጥ፣ ጎጆ የሚዘርፉ እንስሳትና የአየር ጠባይ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ቻምበርሊን ሌላ ጥያቄ ጨመረ፦ አውራዎቹ ማዳቀላቸውን ሳይጨርሱ ወቅቱ ቶሎ ይከፈት ይሆን? ጆርጂያና አላባማ በ2022፣ ቴነሲ በ2023 የመክፈቻውን ቀን አዘገዩ፤ ለአንድ አዳኝ የሚፈቀደውንም ቁጥር ቀነሱ። አላባማ በወቅቱ የመጀመሪያ ቀናት ማታለያ ምስል መጠቀምንም ከለከለች።

የማዘግየቱ ውጤት ገና አከራካሪ ነው። በቴነሲ የተካሄደ ጥናት መክፈቻውን ሁለት ሳምንት ማዘግየት በሴቶቹ የጎጆ ስኬት ላይ ግልጽ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። የሚታደኑት ቁጥር መቀነሱ ግን ለሚቀጥለው ጸደይ የሚተርፉትን አውራዎች ይጨምራል፤ ሙሉ አውራ ለመሆን ሁለት ዓመት ስለሚወስድ የዘንድሮ ጥድፊያ የሚከፈለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ፍርዱ

ስንት ጊዜ ይጠራ የሚለው ጥያቄ በቁጥር አይመለስም። መጥሪያ ሁለት ጥሩ አገልግሎት አለው፤ ወፉን ማግኘትና ሴቷ የት እንዳለች ለወፉ ማሳወቅ። ሁለቱ ከተፈጸሙ በኋላ የሚጨመረው ጥሪ ብዙ ጊዜ ለአዳኙ ጭንቀት ማስታገሻ ነው፤ አውራው የሚያስፈልገውን አውቋል። ልዩ ሁኔታዎቹም ግልጽ ናቸው፦ አለቃዋ ሴት ስትመልስ፣ ወፉ እየራቀ ሲሄድ፣ ሜዳው ሰፊ ሲሆን መጥራት ወይም መነሣት ይገባል። ከነዚህ ውጭ፣ በተለይ አዳኝ በበዛበት የምሥራቅ ጫካ፣ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር በረፋዱ ሰዓት ወፍ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ተቀምጦ፣ በልኩ ጠርቶ፣ ሕጉ እስከፈቀደለት ሰዓት መቆየት ነው። አዲስ መጥሪያ ለመግዛት ያሰበውን ገንዘብ ምቹ መቀመጫ ላይ ቢያውለው ይጠቀማል፤ የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ የወፉ ዝምታ ሳይሆን የደነዘዘ እግሩ ነውና።